ዝናብ ያንዣበበበት አደባባይ

ሰኞ፣ ማርች 5፣ 2012

ሥዕሉ ላይ ያለውን ፈረስ «ሳሙና» አሉት። ግንቡን «መሰላል»። ምን ላድርግ፣ እኔም ሳሙና እና መሰላል ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩ፤ ኬረን ጻፈች። ውሻው ላይ ሲደርሱ ግን «ውሻ» አሉ፣ ጥርት አድርገው። ኬረን ልታጨበጭብ እጇን አነሳችና ተወችው። ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አይጨበጨብለትም ትላለች። እኔ በልቤ አጨበጨብኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ በኋላ ሳነበው እንዳይምታታብኝ። የአስተርጓሚ ኤጀንሲው ይህን ሳምንት ሙሉ ለአንድ ሕመምተኛ መድቦኛል። ብርቅ ነው። ሌላ ጊዜ ጠዋት የነፍሰ ጡር ክትትል፣ ከሰዓት የስኳር ክሊኒክ፣ መሀል ላይ አውቶቡስ ሳሳድድ ነው የምውለው። አሁን አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ፎቅ፣ አንድ ሰው። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ጋሼ ከድር እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን እትዬ ረውዳ፣ ልጃቸውን ሰሚራ። ዋይት ሴንተር የሚባለው ሰፈር የጨርቅና የልብስ ሱቅ አላቸው። ስትሮክ መታቸው። እግራቸው እየተሻለው ነው፣ ቀኝ እጃቸው ገና ነው፣ ንግግራቸው ግን ተበታትኗል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ይገባቸዋል። ሊመልሱ ሲሉ የፈለጉት ቃል ይቀርና ያልጠሩት ይመጣል።

ኬረን ስፒች ቴራፒስቷ ናት፣ ንግግር መልሳ የምታለማምዳቸው። መጀመሪያ ማንኪያ፣ ኳስና ድመት የተሳለባቸው ካርዶች አመጣች። ጋሼ ከድር በደህናው እጃቸው ገፋ አደረጓቸው። ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ሰው ናቸው፣ በልጅ መጫወቻ ሲጠየቁ ምን ይበሉ። ኬረን አልተቀየመችም። ዊልቼራቸውን ገፍታ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ወደተሰቀለው ትልቅ ሥዕል ወሰደቻቸው።

ሥዕሉ አሮጌ ነው። ከሥሩ የተለጠፈችው የናስ ሰሌዳ «የከተማ አደባባይ ከነግንቡ፣ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን» ትላለች። የሠዓሊው ስም የለም፣ የከተማውም ስም የለም። እዚህ ታክሞ የዳነ ሰው ቤተሰብ ነው አሉ የሰጠው። መሀል ላይ ሰዓት ያለው ረጅም የድንጋይ ግንብ ቆሟል። ከግርጌው ገበያ ነው፦ ድንኳን፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሴቶች፣ ርግቦች፣ ያ ቀጭን ውሻ። ነርሶቹ የት አገር እንደሆነ ይከራከራሉ። አንዷ ጣልያን ትላለች፣ ሌላው ፖላንድ። የጽዳቱ ሰውዬ ቤልጅየም ነው ብሎ ይምላል።

ዓርብ ስብሰባ አለ። ጋሼ ከድር ቤታቸው ይግቡ ወይስ ነርሲንግ ሆም፣ ማለት የሕሙማን መጦሪያ፣ ይሂዱ የሚለው ያን ቀን ይወሰናል። ይህን ለእሳቸውም ተርጉሜ ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የዛሬ ቃላት፦ ውሻ። አዎ። በቃ።


ማክሰኞ፣ ማርች 6

መጥፎ ቀን አልነበረም፣ ግን አስቸጋሪ ነበር።

ጠዋት «ፈ…» ብለው ሲታገሉ ሳላስበው ከንፈሬ «ፈረስ» አለ። ድምፅ አላወጣሁም። ኬረን ግን አየችኝ። በኋላ ለብቻዬ፣ «ሰናይት፣ ከንፈርሽን» አለችኝ ፈገግ ብላ። አፈርኩ። የአስተርጓሚ ሕግ አንድ ነው፦ የተባለውን ብቻ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ። አሥር ጊዜ ሥልጠና ወስጄበታለሁ። ሰው ቃል ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ሲታገል ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ማየት ግን ሥልጠና የለውም። ከዚያ በኋላ ከንፈሬን ነክሼ ዋልኩ።

ከሰዓት ሌላ ነገር መጣ። ጋሼ ከድር ፈረሱንም ግንቡንም ተዉና ወደ ሥዕሉ ግራ ጥግ እያመለከቱ አንድ ድምፅ ይደጋግሙ ጀመር። ኬረን ወደ እኔ ዞረች። «የማውቀው ቃል አይደለም» አልኳት። እውነቴን ነው፣ አማርኛ አይደለም፣ እንግሊዝኛም አይደለም። እንደገና አሉት። እኔም እንደገና «አላውቀውም» አልኩ። ኬረን «ትርጉም የሌለው ድምፅ» ብላ መዘገበች። እሳቸው በጣም ተናደዱ። የዊልቼሩን ክንድ በቡጢ መቱ፣ ጣታቸውን ወደ ጥግ ወደ ጥግ ቀሰሩ፣ መጨረሻ ላይ ፊታቸውን አዙረው አላናግርም አሉ።

ጥጉ ላይ ምንም የለም እኮ። አንዲት ሴት ጨርቅ ዘርግታ ትሸጣለች፣ ያ ብቻ ነው።

እትዬ ረውዳ በየማታው ሱቁን ዘግተው ይመጣሉ፣ ያኔ ግን ጋሼ ከድር ደክሟቸው ይተኛሉ። እሳቸው የሚያዩአቸው ሲያንኮራፉ፣ እኛ የምናያቸው ሲታገሉ። ለኬረን ይህንን አነሳሁላት፣ «ባለቤታቸው ቀን ቢመጡስ?» ብዬ። ይህ መጨመር ይሁን አይሁን አላውቅም። ጥሩ ሐሳብ ነው ብላ ለነገ ኮል አደረገችላቸው።

ቤት ስገባ ልጄ ናቲ ፊቴን አይቶ በእንግሊዝኛ «ማነው የሞተው?» አለኝ። ማንም አልሞተም አልኩት። ሽሮ በላንና ተኛን።


ረቡዕ፣ ማርች 7

ዛሬን እንዴት ብዬ ልጻፈው።

እትዬ ረውዳ ረፋድ ላይ መጡ። አጭር፣ ደንዳና፣ ሲራመዱ ኮሪደሩ የእሳቸው የሚመስል ሴትዮ ናቸው። ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ነው የመጡት። ነርሶቹን ሁሉ ጨብጠው፣ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ስመው፣ «አንቺ ነሽ ሰናይት? አፍ የሆንሽለት?» አሉኝ። አፍ የሆነችላቸው! እንደዚህ ያለ የሥራ መጠሪያ ኖሮኝ አያውቅም።

ሥዕሉ ዘንድ ሄድን። ጋሼ ከድር ባለቤታቸውን እንዳዩ ያንኑ ድምፅ አሉ፣ ያንኑ ጥግ እያሳዩ። እኔ ለኬረን «ያው የትናንቱ…» ብዬ ሳልጨርስ እትዬ ረውዳ ሳቁ።

«ይረጥባል ነው እኮ የሚለው» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ስልጥኛ ነው፣ የኛ ቋንቋ። ይረጥባል፣ ይረጥባል ይላል። ምኑ ነው የሚረጥበው?»

ሁላችንም ወደ ሥዕሉ ዞርን። እኔ ያን ሥዕል ሦስት ቀን ሙሉ ሳየው ሰማዩን አላየሁትም። ከግንቡ ጀርባ፣ ከሰዓቱ በላይ፣ ጥቁር ደመና ተቆልሏል። ሰው ሁሉ ድንኳኑን ያጠብቃል፣ ጋሪውን ይሸፍናል፣ እየሮጠ ወደ ጣሪያ ሥር ይገባል። የጨርቋ ሴትዮ ብቻ ጀርባዋን ለደመናው ሰጥታ፣ ነጩንም ሰማያዊውንም ጣቃ ድንጋዩ ላይ እንደዘረጋች ከአንዲት ደንበኛ ጋር ታወራለች። ጨርቅ ነጋዴው ጋሼ ከድር ከማክሰኞ ጀምሮ ሊያስጠነቅቋት ይታገላሉ። እኛ ደግሞ ትርጉም የለውም ብለን መዘገብን።

ለኬረን ተረጎምኩላት። «የነገርኩሽ ስህተት ነበር» አልኳት፣ «ቃል ነው፣ ቋንቋውን የማላውቀው እኔ ነኝ።» ኬረን ማስታወሻዋን አወጣችና የትናንቱን መስመር ሰረዘች። ከዚያ ዝቅ ብላ በዓይናቸው ትክክል ሆነችና በቀስታ፣ «ይቅርታ፣ ሚስተር ከድር። ዘገየን። ንገሯት» አለቻቸው። ተረጎምኩ።

ጋሼ ከድር ሴትዮዋን አዩ። እኔን አዩኝ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከንፈሬን በእጄ ሸፈንኩ።

«ዝናብ» አሉ። በአማርኛ። ቆዩ። «ዝናብ መጣ። ጨርቁን… ጨርቁን አንሺ።»

ለማን እንዳሉት አላውቅም፣ ለሴትዮዋ ይሁን ለእኔ። ምናልባት እንዲገባኝ ብለው ነው በእኔ ቋንቋ የደገሙት። እትዬ ረውዳ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉና፣ «ሰማሽ አይደል? ሚስቱን ሲያዝ እንዲህ ነው» አሉ።

ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ፣ ጾም ስለሆነ አይደለም። ረስቼው ነው።


ሐሙስ፣ ማርች 8

ኬረን ዕቅዷን በሙሉ ገለበጠችው። ከዛሬ ጀምሮ ቃሉ በየትም ቋንቋ ይምጣ፣ ይምጣ ብቻ። እትዬ ረውዳ ከስልጥኛ ወደ አማርኛ፣ እኔ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። እንደ ውኃ ባልዲ እየተቀባበልን። ደግሞ ስም መጠየቅ ቀረ። «ይህ ምንድን ነው?» ሲባሉ ይጠፋባቸዋል። «እዚህ ገበያ ውስጥ ምን እየተደረገ ነው?» ሲባሉ ግን ይመጣላቸዋል፣ ተሰባብሮም ቢሆን።

ሶ፣ ዛሬ ገበያውን አስተዳደሩት። ባለጋሪው መንገድ ዘግቷል። ልጅቷ ቅርጫቱን ከፍ ታድርግ። ርግቦቹ እህሉን ጨረሱት (ርግቦቹን «ዶሮ» ነው ያሏቸው፣ ግን ማን ግድ አለው)። ኬረን ደንበኛ ሆና የጨርቋን ሴትዮ ጨርቅ አልወደድኩትም፣ ልመልስ ብትላቸው፣ ጋሼ ከድር ፊታቸውን ኮስተር አድርገው በንጹሕ እንግሊዝኛ «ኖ ሪፈንድ» አሉ፤ ገንዘብ አይመለስም ነው። ኬረን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ይህችን መተርጎም አላስፈለገም።

ፖላንድ ነው ባዩ ነርስ አልፎ ሲሄድ፣ «ሚስተር ከድር፣ የት አገር ነው ይላሉ?» አላቸው። ተረጎምኩ። ብዙ አሰቡና «ቡታጅራ» አሉ። ኬረን ተሳሳቱ መስሏት ልትጽፍ ስትል አንድ ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ቀልድ ነው! ከስትሮኩ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዳቸው ነው አሉ እትዬ ረውዳ። ነርሱም «ከፖላንድ ይርቃል እንዴ?» ብሎ ሄደ።

በዚህ ብዘጋው ደስ ባለኝ።

ማታ ልወጣ ስል ሰሚራ ከሬድመንድ ከሥራ መጣች። ቀጭን፣ የደከማት፣ ባጇን ገና አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ ናት። እናቷ በአማርኛና በስልጥኛ የዛሬውን ሁሉ ነገሯት። እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ደስ ብሎኛል አለች፣ ግን ነርሲንግ ሆም ይሻላል ብላ አቋሟን አልለወጠችም። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። እናቷ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ሱቁ አለ፣ እሷ ሥራዋ ሩቅ ነው።

«እሺ፣ ብቻውን ሆኖ ቢወድቅ?» አለች። «ስልክ አንስቶ ምን ሊል ነው? ሳሙና?»

ጋሼ ከድር ቁጭ ብለው ነበር፣ በሩ አጠገብ። ሰሙ። ሰሚራም መስማታቸውን አየች፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እሷ ዊልቼሩ አጠገብ ተንበርክካ ደካማ እጃቸውን ይዛ ብዙ ቆየች።

እኔ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ስለዚህ ሳስብ ሬኒየር ቢች ጣቢያ ሊያልፈኝ ነበር። የሚያስፈራው ነገር ሰሚራ ልክ መሆኗ ነው።


ዓርብ፣ ማርች 9

ስብሰባው አለቀ። እንደሆነው በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙ፣ የሚወጡ ሕመምተኞችን ጉዳይ የሚይዘው ሶሻል ወርከር፣ ኬረን፣ ጋሼ ከድር፣ እትዬ ረውዳና እኔ ነበርን። ሰሚራ ከሥራ መውጣት ስላልቻለች በስልክ ነበረች። ስልኩ ጠረጴዛው መሀል ላይ ስፒከር ተደርጎ ተቀምጧል። ኬረን የሳምንቱን ተናገረች። ባለፈው ጊዜ ትርጉም የለውም ያለችውን ራሷ አንስታ አረመችው፣ እኔን ሳታነሳ። እግዜር ይስጣት።

ከዚያ ሶሻል ወርከሩ የተፈራውን ጥያቄ ጠየቀ። ቤት ብቻቸውን ሆነው የሆነ ነገር ቢገጥማቸው ሰው መጥራት ይችላሉ ወይ? ለጋሼ ከድር ተረጎምኩላቸው፣ ቃል በቃል። ሐኪሙን አላዩም፣ ሶሻል ወርከሩንም አላዩም፣ ስልኩን ያያሉ። ጥያቄውን የረሱት መሰለኝ። ልድገመው? ሳልጠየቅ መድገም አልችልም። እጆቼን ጠረጴዛ ሥር አጣብቄ ጠበቅኩ። እትዬ ረውዳ በሹክሹክታ ዱዓ ያደርጋሉ።

ጋሼ ከድር ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ሰሚራ» አሉ።

«አባ?» አለ ስልኩ።

«ሥራ… ሥራሽን ጨርሺ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከዚያ ነይ። ቤት… ቤት ውሰጂኝ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሰሚራ፣ ያቺ ሁሉን በእንግሊዝኛ የምትመልሰው፣ በቀጭን ድምፅ «እሺ አባ። እመጣለሁ» አለች። በአማርኛ።

ይህን ሁሉ ለክፍሉ በእንግሊዝኛ ማለት የእኔ ሥራ ነው። አልኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና «ጥያቄው የተመለሰ ይመስለኛል» አለ።

ቤት ይገባሉ። አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠል የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ይሰጣቸዋል፣ ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ታያቸዋለች፣ እትዬ ረውዳ ሱቁን ግማሽ ቀን ብቻ ይከፍታሉ፣ ሰሚራም አንዳንድ ቀን ከቤት ሆና ለመሥራት አለቃዋን ልትጠይቅ ነው። ይፈቀድላት አይፈቀድላት ገና አልታወቀም። ይህ ሁሉ ቢጎድል ምን ይሆናል ብዬ እሠጋለሁ። ግን ዛሬ አይደለም።

ኮሪደሩ ላይ ኬረንና እኔ ተቃቀፍን። ይህም ሥልጠናው ውስጥ የለም።


ቅዳሜ፣ ማርች 10

ወጡ።

የመድኃኒቱን መመሪያ ተረጎምኩ፦ የጠዋቱን ከምግብ ጋር፣ የማታውን ከመተኛት በፊት። እትዬ ረውዳ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና በሦስተኛው እሳቸው ለእኔ ደገሙልኝ። ኬረን የዕረፍት ቀኗ ነበር፣ ጂንስ ለብሳ መጣች። ለቀጠሮው ወደ ክሊኒክ ሲመጡ እሷው ናት የምታያቸው፤ ስልጥኛ የሚችል አስተርጓሚ እንዲፈለግ መጠየቋንም ነገረችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ እንደዚያ ስለተሰማኝ በራሴ ሳቅኩ።

ሥዕሉ ፊት ፎቶ ተነሡ። ጋሼ ከድር ከዊልቼሩ ተነሥተው በዱላ ቆሙ፣ እትዬ ረውዳ በጎናቸው። የጽዳቱ ሰውዬ ነው ያነሣቸው፣ እያነሣ «ቤልጅየም» ይላል።

ታች በሩ ላይ ሰሚራ መኪናዋን አምጥታ ፓርክ በማይደረግበት ቦታ አቁማ ዘበኛውን ትለማመጣለች። ጋሼ ከድርን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው አስገቡ። እትዬ ረውዳ ከኋላ፣ በፌስታልና በትራስ መሀል። መስኮቱን አውርደው ጉንጬን ጎተቱና ሳሙኝ። «ጨርቅ ስትፈልጊ ከእኛ ሱቅ ሌላ ቦታ እንዳትሄጂ» አሉኝ። ስጦታ መቀበል አይፈቀድልኝም አልኳቸው። «ማን ስጦታ አለሽ? ትገዢያለሽ» አሉ።

መኪናው ሊነሣ ሲል ጋሼ ከድር ወደ ሰሚራ ዞረው አንድ ነገር ተናገሩ። በስልጥኛ። ረዘም ያለ ነገር፣ እየተንገዳገደ ግን ሳይቆም፣ ጫፍ ድረስ የደረሰ። ሰሚራ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እትዬ ረውዳ ከኋላ ትከሻቸውን መታ አደረጓቸው፣ እሳቸውም እየሳቁ ነው። ጋሼ ከድር ወደፊት እያዩ ኮስተር እንዳሉ ናቸው፣ የጺማቸው ጫፍ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ዘበኛው ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሏት?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው።

መኪናው ቀስ ብሎ መንገዱን ያዘ። ሰኞ ጠዋት ሬድመንድ ነኝ፣ የጥርስ ቀጠሮ፣ አንድ የማላውቀው ሰው። ዛሬ ግን ባቡሩ ጋ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ፀሐይ ወጥታ ነበር።